ጠብን መገላገልና ደምን መዳኘት

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ከአሰላ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፥ የአርሲ ደጋ እየተቆረሰ ወደ አዋሽ ሸለቆ መውረድ በሚጀምርበት አቅጣጫ አርቦዬ የምትባል ከተማ አለች። የጀጁ ወረዳ መቀመጫ ናት። በዱሮው የመንግሥት አከፋፈል አርሲ ጭላሎ፥ ጢቾና አርባ ጉጉ በሚባሉ 3 አውራጃዎች ተከፍሎ ሲተዳደር፥ ጀጁ ከአርባ ጉጉ ወገን ነበረ። በዚያ አገር ኦሮሞውና አማራው፥ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ ይገበያያል፤ በአንድ ወፍጮ ያስፈጫል፤ ተጋብቶም ተዋልዷል። እንዲህ ተሳስሮ የኖረ ሕዝብ ደም ሲፋሰስ ማን ይገላግለዋል? ከተገላገለስ በኋላ የፈሰሰውን ደም ማን ይዳኘዋል? ለዛሬው ጉባኤ የቀረበው ንግግር በነዚህ 2 ጥያቄዎች ላይ የተመሠረተ ነው።

ጥያቄዎቹ ሁለት መሆናቸው አስቀድሞ ሊጤን ይገባል። ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ተቈጥረው ሲነሡ ይሰማልና። ተኩስ ባልቆመበት ሰዓት ስለ ፍትሕ የሚናገር ሰው «ሰላሙን አታደፍርስ» ይባላል፤ ስለ እርቅ የሚናገር ደግሞ «ነፍሰ ገዳይ ልትሸሽግ ነው» ይባላል። ሁለቱም ወቀሳዎች መሠረት የሌላቸው አይደሉም። መሣሪያህን አስቀምጥ ተብሎ የሚለመን የጦር አዛዥ የሚጠብቀው ወኅኒ ብቻ መሆኑን ካወቀ አያስቀምጥም። ልጇ የተገደለባት እናት በበኩሏ፥ ገዳዩ በሹመት ላይ ሹመት ሲጨመርለት ካየች ሰላም የሚለው ቃል መቀለጃ ይሆንባታል።

«ሁለቱም ያስፈልጋሉ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ በየስብሰባው አዳራሽም የሚባለው ይኸው ነው። ችግሩ ያለው፥ የትኛው ይቀድማል፥ ማንስ ያከናውነዋል፥ ምኑ ሊቆይ ይችላል፥ ምኑስ ከቶ ሊቆይ አይገባውም በሚለው ላይ ነው። ለዚህ ደግሞ የአርሲ ሕዝብ በረጅም ኑሮ የተፈተነ መልስ አለው።

በአርሲ ኦሮሞ ልማድ ልጃገረድ ስትዳር ከእናቷ ቀጭን በትር ትቀበላለች። ሲንቄ ይባላል። በትሩ ለመማቻ የሚሆን አይደለም፤ የባለ ትዳር ሴት የክብሯና የመብቷ ምልክት ነው። ሁለት ወገኖች ተጣልተው ጦር ሲማዘዙ፥ ሴቶቹ በእልልታ ይጠራራሉ፤ ሲንቄያቸውን ይዘው ወጥተውም በሁለቱ መካከል ይቆማሉ። ሲንቄ የያዙ ሴቶችን ጥሶ የሚማታ ወንድ ከባድ ነውር እንደ ሠራ ይቈጠራል፤ ርግማናቸውም ይፈራል። ስለዚህ ጦሩ ይመለሳል።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሴቶቹ በዚያ ሰዓት የማይጠይቁት ነገር ነው። ማን ጀመረ? ማን በደለ? የማን ከብት ተነዳ? አይሉም። የመጡት ሁሉንም ሊያስቆሙ ነው፤ የሚሰሙትም ለማንም ሳያደሉ በመቆማቸው ነው። እዚያው በጦሩ መካከል ፍርድ ስጡ ቢባሉ ኖሮ፥ ገና ሳይደርሱ የሚፈረድበት ወገን መንገድ ይዘጋባቸው ነበር።

ፍርዱ የሌላ ሸንጎ፥ የሌላ ቀን ሥራ ነው። ሰው ከሞተ ነገሩ ወደ ጉማ ይሄዳል። ገዳዩና የቅርብ ዘመዶቹ ከሟች ቤተ ሰብ ዓይን ይርቃሉ፤ በአንድ ገበያና በአንድ ወራጅ ውሃ እንዳይገናኙ ይጠነቀቃሉ። የአገር ሽማግሌዎች በመካከል ይመላለሳሉ። ይሁን እንጂ የጉማ በር የሚከፈተው የገዳዩ ወገን «አዎን፥ ይህን ሰው እኛ ገድለናል» ብሎ ሲያምን ነው። ይህ ቃል ካልወጣ ሽማግሌ ቢሰለፍ፥ ከብት ቢነዳ ዋጋ የለውም። ቃሉ ከወጣ በኋላ ካሣ ይቈረጣል፤ ካሣውንም ገዳዩ ብቻውን ሳይሆን ጎሳው አዋጥቶ ይከፍላል። በመጨረሻም መሐላ ይፈጸማል። ከመሐላው በኋላ ቂም ይዞ የተገኘ እርሱ ራሱ ጥፋተኛ ነው።

ሽማግሌዎቹ የሚደራደሩበት ነገር ብዙ ነው። የካሣው ልክ፥ የሚከፈልበት ጊዜ፥ ገዳዩ ወደ ቀዬው የሚመለስበት ቀን፥ ይህ ሁሉ ለክርክር ክፍት ነው፤ ወራትም ሊፈጅ ይችላል። ሰውዬው ተገድሏል ወይስ አልተገደለም፥ የገደለውስ ማነው የሚለው ግን ለድርድር አይቀርብም። እዚህ ላይ ነው የልማዱ ጥበብ ያለው። ቅጣቱን ያለዝባል፤ ነገሩን ግን አይክድም።

ይህ ሲባል ልማዱን ከሚገባው በላይ ማወደስም አያስፈልግም። ባሏ የሞተባት ሴት ሐዘኗ በጎሳዋ ወንዶች አፍ ነው የሚነገረው። ካሣው በጎሳ መከፈሉ ገዳዩን ከሸክሙ የሚያሳርፍበት ጊዜ አለ። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ጉማ የሚሠራው በአንድ ሕግ በሚተዳደሩ ሰዎች መካከል መሆኑ ነው። ከሸዋ ወይም ከወሎ አያቱ መጥቶ የሰፈረ ገበሬ የራሱ ሽምግልና፥ የራሱ የደም ማድረቂያ ሥርዓት አለው እንጂ በአርሲ ጎሳዎች ቈጠራ ውስጥ የለም። መሣሪያ የታጠቀ ድርጅት ደግሞ ከነጭራሹ ጎሳ የለውም፤ ካሣ የሚያዋጣለት ዘመድ፥ በገበያ ሲያገኘው የሚያፍረው ጎረቤት የለውም። መንግሥትም ራሱ የጠቡ ተካፋይ በሆነ ጊዜ ሲንቄ የሚዘረጋበት መካከል የቱ ጋ እንደሆነ ለማወቅ ያስቸግራል።

አርባ ጉጉ በ1984 ዓ.ም. የገጠመው ይህ ነበር። ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወድቆ የሽግግር መንግሥት ከተቋቋመ በኋላ፥ በዚያ አካባቢ ይኖሩ ከነበሩት የአማራ ተወላጆች ብዙዎቹ ተገደሉ፤ ቤታቸው ተቃጠለ፤ የተረፉትም ተሰደዱ። ማን ገደለ በሚለው የጊዜው የፖለቲካ ድርጅቶች እርስ በርሳቸው ተወነጃጀሉ። የሟቾቹም ቁጥር እስከ ዛሬ አከራካሪ ሆኖ ቀርቷል። ጎረቤቱን በቤቱ ሸሽጎ ያተረፈ ሰው እንደሚኖር ሁሉ፥ ጎረቤቱን ጠቁሞ ያስገደለም ይኖራል፤ ሁለቱም በዝምታ አብረው አርጅተዋል።

የሚያስገርመው፥ አገሪቱ ስለ ፍትሕ ትልቅ ውሳኔ የወሰነችውም በዚያው ዓመት መሆኑ ነው። በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የልዩ ዓቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ክሱ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተከፈተ። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት፥ በርካታ የደርግ ባለሥልጣኖችም በችሎት ቀርበው፥ በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኞች ናቸው ተባለ። በጥር 1999 ዓ.ም. ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደ፤ ይግባኙን የተመለከተው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግንቦት 2000 ዓ.ም. ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በእስር ላይ የነበሩት የሞት ፍርደኞች ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ። ዋናው ተከሳሽ ይህ ሁሉ ሲሆን በዚምባብዌ ይኖሩ ነበር።

የዚህ ችሎት ጉልበት ወረቀት ነበር። ደርግ የገደለበትን ትእዛዝ ሳይቀር በማኅደር የሚያኖር መንግሥት ስለ ነበረ፥ ዓቃቤ ሕጉ ፊርማና ማኅተም ያለበት ማስረጃ ይዞ ቀረበ። የጅምላ መቃብሮች ሲቆፈሩም የአርጀንቲና የአጽም ምርመራ ባለሙያዎች መጥተው ረድተዋል፤ እነርሱም ይህን ሙያ የተማሩት በገዛ አገራቸው፥ በወታደራዊው መንግሥት ዘመን የጠፉ ወገኖቻቸውን ሲፈልጉ ነው። ድካሙ ደግሞ ሁለት ነበረ። አንደኛው መርዘሙ ነው፤ ከክሱ መከፈት እስከ ጥፋተኝነቱ ውሳኔ 12 ዓመት ሲያልፍ፥ ስንቱ ከሳሽና ስንቱ ተከሳሽ ሞተ። ሁለተኛው የሥልጣኑ ወሰን ነው። አዋጁ የተጻፈው ለወደቀው መንግሥት ባለሥልጣኖች በመሆኑ፥ በ1984 ዓ.ም. በአርባ ጉጉ የተደረገው በዚህ በር የሚገባ አልነበረም። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ያለፈው ዘመን ደም በወረቀት ሲመረመር፥ አርሲ ላይ ትናንት የፈሰሰው ደም ጠያቂ አላገኘም። ፍትሕ ተሸናፊውን ብቻ ሲጠይቅ፥ አሸናፊ መሆን ከተጠያቂነት ማምለጫ ይመስላል፤ ይህም ለሚቀጥለው ጦርነት የሚሰጠው ትምህርት ክፉ ነው።

በጊዜው ያልተመዘገበ ነገር ምን እንደሚሆን ለማየት ከአሰላ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። በሔጦሳ ወረዳ በአኖሌ የተሠራው ሐውልት በ2006 ዓ.ም. ተመርቋል። ሐውልቱ የሚያስታውሰው በ1870ዎቹ መጨረሻ በአርሲ ዘመቻ ጊዜ ተፈጸመ የሚባለውን የእጅና የጡት መቁረጥ ነው። አንዱ ወገን ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ የቃል ምስክርነት ይዞ «ይህ ሆኗል» ይላል፤ ሌላው ወገን «ጽሑፍ የት አለ» ብሎ ይከራከራል። እዚህ ላይ ማን ልክ ነው የሚለውን ለታሪክ ዐዋቂዎች መተው ይበጃል። ለዚህ ንግግር የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ከ120 ዓመት በላይ ያለፈው ነገር ዛሬም ሰው ያጣላል። በጊዜው የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ቆመው፥ ያዩትን ተናግረው፥ ያመኑትን አምነው ቢሆን ኖሮ የዛሬው ክርክር በሌላ መልክ ይሆን ነበር።

የሌላውም ዓለም ልምድ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በኡጋንዳ ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 በጆሴፍ ኮኒና በጓደኞቹ ላይ የመያዣ ትእዛዝ ሲያወጣ፥ «ሰላሙን አበላሹት» ያሉ ነበሩ፤ «ወደ ጁባ ድርድር ያመጣው ይኸው ፍርሃት ነው» ያሉም ነበሩ። ኮኒ እ.ኤ.አ. በ2008 የመጨረሻውን ስምምነት ሳይፈርም ቀረ፤ ከአዛዦቹ አንዱ የነበረው ዶሚኒክ ኦንግዌን ግን እ.ኤ.አ. በ2021 25 ዓመት ተፈርዶበታል። ኮሎምቢያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ጉማ የሚጠጋ መንገድ መረጠች። ያደረገውን ሳይሸሽግ የተናገረ ታጣቂ ከወኅኒ ውጭ የሚፈጸም አነስ ያለ ቅጣት ይቀበላል፤ የካደና በኋላ የተረታ ግን ወኅኒ ይጠብቀዋል። እንዲህም ሆኖ ሕዝቡ በድምፅ አሰጣጥ ስምምነቱን በጥቂት ብልጫ ውድቅ አድርጎት ነበር። ቅጣቱ ሲለዝብ የሚቈጣ ሕዝብ እንዳለ መርሳት አይገባም።

ወደ አገር ቤት ሲመለሱ፥ በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት የትግራይን ጦርነት አስቁሟል። ስንት ሰው ከሞት እንደ ተረፈ የሚያውቅ፥ ይህን ውለታ አያቃልልም። ነገር ግን ስምምነቱ በ10ኛው አንቀጽ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አውጥቶ የመፈጸሙን ኃላፊነት ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጠ። ይህም ማለት ከተዋጊዎቹ አንዱ የዳኝነቱ አደራጅ ሆነ ማለት ነው። ሲንቄውና ጉማው በአንድ እጅ ገቡ። ተደራዳሪዎቹ ሌላ ምርጫ ነበራቸው ወይ የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ተኩስ ለማስቆም የቸኮለ ሰው የሚፈራረመው መሣሪያ ከያዘው ጋር ነው። በጠረጴዛው ዙሪያ የተቃጠለበት፥ የተደፈረች፥ የተፈናቀለ አልተቀመጠም።

ፖሊሲው በሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸደቀ። ልዩ ፍርድ ቤት፥ ልዩ ዓቃቤ ሕግና የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን እንዲቋቋሙ ያስባል፤ ለባህላዊ ሽምግልናም ቦታ ይሰጣል። በወረቀት ላይ ሲነበብ ብዙ በጎ ነገር አለበት። ሆኖም እነዚህን ተቋሞች የሚፈጥሩት ሕጎች ሲዘገዩ፥ ጦርነቱ አልዘገየም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ውጊያ ተነሥቷል። በኦሮሚያ ከሚንቀሳቀሰው የታጠቀ ኃይል ጋር በሚያዝያ 2015 ዓ.ም.፥ ቀጥሎም በኅዳር 2016 ዓ.ም. በታንዛንያ የተደረጉት 2 ድርድሮች ያለ ስምምነት ተበትነዋል። አርሲም አላረፈም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ አርሲን ጨምሮ በብዙ የኦሮሚያ ከተሞች በደረሰው ጥፋት 123 ሰዎች መሞታቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በምርመራ ዘገባው ገልጿል። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በሽርካ ወረዳ ሰላማዊ ሰዎች በየቤታቸው ተገድለዋል።

እንግዲህ ጦርነት ሳይቆም ስለ ፍትሕ ምን ማድረግ ይቻላል? አስታራቂዎች የሚሉት ሊሰማ ይገባዋል፤ ዛሬ አስሩ፥ ዛሬ ክሰሱ ማለት የሚደራደረውን ሰው ወደ ጫካ መመለስ ሊሆን ይችላል። እሺ፥ ክሱ ይቆይ። የቅጣቱም ልክ ለኋላ ይተው። ሊቆይ የማይችለው ግን ምዝገባው ነው። ምስክር ይሞታል፤ አጽም ይበተናል፤ የተቃጠለ ቤት ይታረሳል። ክስን ከ10 ዓመት በኋላ መመሥረት ይቻላል፤ የጠፋን ማስረጃ ከ10 ዓመት በኋላ መመለስ ግን አይቻልም። መዝጋቢውም ገላጋዩ መሆን የለበትም፤ ገላጋይ መዝገብ ይዞ ከመጣ አይታመንምና። የሚመዘግቡት ሌሎች፥ በድርድሩ ጠረጴዛ ያልተቀመጡ ሰዎች ሊሆኑ ይገባል።

የመሐንዲሱ ድርሻም የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። ጦር ካለፈ በኋላ ከእርዳታ ሰጪው ቀጥሎ መንደሩ የሚደርሰው መሐንዲስ ነው። መንገድ ክፈት፥ ትምህርት ቤቱን ጠግን፥ ውሃውን መልስ ይባላል። በጀቱ የሚያልቅበት ቀን ተወስኗል፤ ዶዘሩ በሰዓት ይከራያል። የተቃጠለውን ጠርጎ፥ መሬቱን አስተካክሎ ሥራ መጀመር የሙያው ትጋት ይመስላል። ያ ዶዘር በአንድ ጧት የሚጠርገው ግን ምናልባት የዚያ መንደር ብቸኛ ማስረጃ ነው። ይህን የሚያደርገው ክፋት አስቦ አይደለም፤ የሥራ ውሉ ስለዚህ ነገር አንድ መሥመር ስለሌለው ነው።

መሥመሩን መጨመር የሚችሉት ውሉን የሚጽፉት ናቸው። ከጠረጋው በፊት ቦታው ይቀየስ፤ እያንዳንዱ የፈረሰ ቤት የሚገኝበት ነጥብ በጂ.ፒ.ኤስ. ይያዝ፤ መለኪያ አጠገቡ ተደርጎ ከየአቅጣጫው ፎቶግራፍ ይነሣ፤ የጥይት ቀዳዳና የእሳት ምልክት በሥዕሉ ላይ ይግባ። አጽም ከተገኘ ሥራው ይቁም፤ ማንም አይንካው፤ ፖሊስና የሕክምና ባለሙያ ይጠራ። ይህ ሁሉ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ እንደ ቁፋሮና እንደ ሙሌት የራሱ ዋጋ ተይዞለት ይግባ፤ ካልተከፈለበት አይሠራምና። የሰነዱ ቅጂ ከአንድ ቢሮ በላይ ይቀመጥ፤ ቢሮ እንደሚቃጠል ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል።

ከዚህ የሚከብድ አንድ ነገር ደግሞ አለ። የተፈናቀለ ሰው ይዞታ ባዶ ሆኖ ስለ ተገኘ ብቻ ጤና ጣቢያ ይሠራበት ሲባል፥ መሐንዲሱ መሠረት የሚያወጣው በሌላ ሰው ቤት ላይ ነው። ሕንፃው ካለቀ በኋላ ያ ሰው ቢመለስ የሚከራከረው ከቀማው ጎረቤት ጋር መሆኑ ይቀርና ከመንግሥት ሕንፃ ጋር ይሆናል። አርሲ የመሬትን ነገር በሚገባ ያውቃል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በጭላሎ የግብርና ልማቱ ሥራ የመሬቱን ዋጋ ከፍ ሲያደርገው፥ ባለ ርስቱ ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን አስነሣ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ በዚያ አገር በደስታ የተቀበለውም በዚህ ምክንያት ነው። የልማቱ ባለሙያዎች ያሰቡት ስለ ስንዴው ምርት ነበር። ስለዚህ «የዚህ ቦታ ባለ ይዞታ ማን ነበር፥ ለምንስ ሄደ» ብሎ መጠየቅ ለቦታ መረጣ እንደ አፈር ምርመራው ሁሉ የሚያስፈልግ ነው። መልሱ አስቸጋሪ ከሆነ ሌላ ቦታ ይፈለግ።

እነዚህ ሥራዎች ማንንም አይከስሱም፤ ማንንም ነጻ አያወጡም። በሁለቱም ወገን የተቃጠለ ቤት በአንድ መለኪያ ይለካል። ከዚህ የተነሣ ድርድር ላይ ያለ ወገን ሊቃወማቸው የሚችልበት ምክንያት ቢያቀርብም፥ ክስን የመቃወምን ያህል ቀላል አይሆንለትም። ያስፈራራል የሚል ሐሳብም ተገቢ ነው፤ ቀያሽ በጦርነት ቀጠና ፎቶግራፍ ሲያነሣ ሰላይ ሊባል ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው ለብቻው መላክ የለበትም፤ ሥራው በማኅበር ስም፥ በአገር ሽማግሌዎች እውቅና፥ ሰው በተሰበሰበበት በቀን ሊሠራ ይገባዋል።

ለአርባ ጉጉና ለጀጁ ደግሞ የቀረው ጊዜ አጭር ነው። በ1984 ዓ.ም. 30 ዓመት የሞላው ገበሬ ዛሬ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። የማን ቤት የት እንደ ነበረ፥ ማን የት እንደ ተቀበረ ሄዶ በእጁ ማሳየት ይችላል፤ ልጁ ግን አይችልም። ለዚህ ልዩ ፍርድ ቤቱ እስኪቋቋም መጠበቅ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አንድ ቀያሽ ከነመሣሪያው፥ አንድ ጸሐፊ፥ እንዲሁም ከኦሮሞውም ከአማራውም ወገን አብረው ለመሄድ ፈቃደኛ የሆኑ ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው። በአርቦዬ አካባቢ ሲንቄ የሚይዙ እናቶችም አብረው ቢወጡ መንገዱን የሚዘጋባቸው አይኖርም።